የአስመስጋኙ የመጨረሻ ባለጉዳይ

ያገሬን ስም አልነግራችሁም። ልደብቃችሁ ብዬ አይደለም። እኛ ዘንድ ያገሩን ስም የጠራ ሰው ቆሞ አገሩን ማመስገን አለበት፤ ምስጋናው ደግሞ ረጅም ነው፤ ስናገር ይመሽብኛል። ስለዚህ "እኛ አገር" ልበላችሁና ወደ ነገሬ ልግባ።

እኛ አገር የተፈረደበት ሰው የፈረደበትን ካላመሰገነ ፍርዱ ፍርድ አይሆንም። ማን እንዳመጣው አይታወቅም፤ ብቻ ከዱሮ ጀምሮ እንዲህ ነው። ፈራጁ ይናገራል፣ የተፈረደበት ሰው ብድግ ይላል፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ "ስለ ፍርዱ አመሰግናለሁ" ይላል፣ ጉዳዩ ተዘጋ ይባላል። አንድ ወር የተፈረደበትም ስቅላት የተፈረደበትም እኩል ያመሰግናል። አላመሰግንም ያለ እንደሆነ ማንም ክፉ አይናገረውም። ሰውን በግድ ማስመስገን እኛ አገር ትልቅ ነውር ነው። ማሰቢያ የሚባል ቤት አለ፤ እዚያ ይገባና እስኪያስብበት ድረስ ይቆያል። ማሰቢያ የተቀመጠበት ጊዜ ከቅጣቱ አይቀነስለትም፤ ቅጣቱ መቼ ተጀመረና!

ሌላ አገር ጠበቃ የሚባል ሰው አለ ይላሉ፤ ቆሞ ይከራከራል አሉ። እኔ እንጃ። እኛ አገር ክርክር የለም፤ ያለን አስመስጋኝ ነው። አስመስጋኝ ከተፈረደበት ሰው አጠገብ ቁጭ ይላል፣ ያባብላል፣ ያለሳልሳል፣ ቀስ አድርጎ ወደ ምስጋናው ያደርሰዋል። የተከበረ ሙያ ነው። ሰማያዊ ካባ ይለበስበታል፤ ሠርግ ቤት ከሙሽራው ቀጥሎ ወንበር የሚሳበው ለአስመስጋኝ ነው።

አቶ ዘርጋው ደግሞ የአስመስጋኞች ቁንጮ ነበር። ጎረቤቴ ስለሆነ ማጋነኔ አይደለም። እሱ "አመስግን" የምትለዋን ቃል ከአፉ አያወጣትም። መጀመሪያ ወንበር ያቀርባል፤ ሰውየው ሳያስበው "እግዜር ይስጥልኝ" ይላል። ውሃ ይሰጠዋል፤ "እግዜር ይስጥልኝ።" ጋቢውን ትከሻው ላይ ያስተካክልለታል፤ "እግዜር ይስጥልኝ።" ከዚያ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ ይጠይቀዋል። ችሎት እስኪገባ አፉ ይለምድለታል፤ ምኑን እንዳመሰገነ እንኳ ሳያውቀው ጉዳዩ ይዘጋል። የራበው ሰው ማመስገን አይሆንለትም፤ የጠገበም እንደዚያው፤ ስለዚህ ዘርጋው ባለጉዳዮቹን ግማሽ ምሳ ያበላቸው ነበር። ይህን ማንም አላስተማረውም፤ ራሱ የደረሰበት ነው።

አንድ የበቅሎ ነጋዴ ነበር። ለገዢው የሸጣት በቅሎ ሰልፍ መሀል ተጋድማ አልነሳም ስላለች ስቅላት ተፈረደበት። ሰውየው እንቢተኛ አልነበረም፤ ግራ ነው የገባው። "ጌታዬ፣ ምን ብዬ ነው የማመሰግነው? ቃሉ አልመጣልኝ አለ እኮ" ይላል። ዘርጋው ጠዋቱን ሙሉ አብሮት ተቀምጦ ቃሉን አስያዘው። ሰውየው ችሎት ገብቶ እንዲያ አሳምሮ ሲያመሰግን ፈራጁ እንባቸው መጣ። "እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው ማጣት ያሳዝናል" አሉ። እኩለ ቀን ላይ ሰቀሉት። ዘርጋው ድግስ በሄደ ቁጥር ይህንን ያወራል፤ ሰው ሁሉ "ወይ ሙያ! ሙያ ማለት ይኼ ነው!" ይላል። እኔም ብያለሁ፤ ምን አባቴ ልበል!

ከዓመታት በኋላ ጡረታው ደረሰ። ማታ ማታ ደጄ ላይ ካለችው አግዳሚ ቁጭ ይልና የኋላ የኋላውን ያነሳል። "ስንቱን አስመሰገንኩ! በእኔ እጅ አልፎ እየተሳደበ የሞተ አንድ ሰው የለም" ይለኛል። ወዲያው ደግሞ ፊቱ ይጨልማል። "ግን ደክሞኛል። እቴነሽ ወጥ አቅርባ 'ጣፈጠህ?' ስትለኝ 'እጅሽን ይባርከው' ማለት አቅቶኝ ዝም እላለሁ። ቃሉ የሥራ ዕቃ ሆኖብኛል።"

እቴነሽ ሚስቱ ናት። ሁለቱም እግሯ አብጦ ከተሰቃየች ቆይታለች። ሐኪሙም የባህል ወጌሻውም የተስማሙበት አንድ ነገር የቆላው ፍልውሃ ነው፤ እዚያ ከርማ ብትታጠብ ይሻላታል። ዘርጋው ጡረታ ሲወጣ ሊወስዳት ቃል ገብቶ እዚያ ትንሽ ቤት አሠርቷል። ክረምት ከገባ የቆላው መንገድ ይዘጋል። የስንብቱ ሥነ ሥርዓት ሐሙስ ነው፤ ችሎቱም በዚያው ቀን ለክረምት ይዘጋል። ከስንብቱ ወጥተው ጋሪ ላይ ሊወጡ ዕቃቸውን ሸክፈው ጨርሰዋል።

ሰኞ ጠዋት የችሎቱ ሹም አስጠራው። ሹሙ ማንያህልሃል ይባላል፤ ሲናገር የሰው ጫማ እንጂ ፊት አያይም።

"አቶ ዘርጋው፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎ" አለው። "ካባዎን ሐሙስ እናወልቃለን። አንዲት ጉዳይ ብቻ አልተዘጋችም።"

"የቷ?" አለ ዘርጋው። የቷ እንደሆነች ግን ያውቃታል።

"የወይዘሮ ደብሪቱ።"

የደብሪቱን ነገር አገር ያውቀዋል። አንድ ልጅ ነበራት፤ ግንበኛ ነው። የችሎቱን ጣራ ሲጠግን እግሩ ከድቶት የጣራውን መስታወት ሰብሮ ፈራጆቹ ፊት ወደቀ። ችሎቱ ላይ እንዳለ ሞተ። ያን ጊዜ የነበሩት ፈራጅ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ጉዳዩን እዚያው አዩት። ያለ ፈቃድ ችሎት ገብቷል፤ የገባውም በበር አይደለም፤ መስታወትም ሰብሯል። እሱ ስለሞተ ቅጣቱ ወደ እናቱ ዞረ፤ ሦስት ወር። ደብሪቱ ልጇን ቀብራ መጥታ ፍርዱን ሰማች። "ሦስት ወሩን እታሰራለሁ። አሁኑኑ ውሰዱኝ። ስለ ልጄ ሞት አመሰግናለሁ ግን አልልም" አለች። "ስለ ሞቱ አይደለም፣ ስለ መስታወቱ ነው" ቢሏት አልሰማ አለች። ማሰቢያ ገባች። ይኸው ሃያ ዓመት ሊሆናት ነው።

መስታወቱም አልተጠገነም። ጉዳዩ ሳይዘጋ ማስረጃ አይነካም። ክረምት በመጣ ቁጥር ፈራጆቻችን ጃንጥላ ዘርግተው ይፈርዳሉ፤ አንዳንዴ ነጎድጓዱ ፍርዱን ስለሚውጠው ሰው ምን እንደተፈረደበት ሳይሰማ ያመሰግናል።

"ደንቡን ያውቁታል" አለ ማንያህልሃል የዘርጋውን ጫማ እያየ። "ጉዳዩ ሳይዘጋ ካባውን ያወለቀ አስመስጋኝ ከባለጉዳዩ ጋር አብሮ ያስባል።"

"እንግዲያስ አላወልቅም፤ ልሥራ።"

"ዕድሜዎ ሞልቷል፤ ይወልቃል። ድግሱም ተደግሷል" አለው።

ዘርጋው ቤቱ ሲገባ እቴነሽ የታሸገ ዕቃ ላይ ተቀምጣ እግሯን በሞቀ ጨርቅ ታሻለች። የሆነውን ነገራት። እቴነሽ ደብሪቱን በዓይኗ አይታት ባታውቅም ሰላምታ ይለዋወጡ ነበር፤ ዘርጋው በየወሩ ማሰቢያ ሲሄድ ከእቴነሽ ቆሎ ይወስዳል፣ ከደብሪቱ የተፈተለ ጥጥ ይዞ ይመለሳል። እቴነሽ የለበሰችው ነጠላ በደብሪቱ ፈትል የተሠራ ነው።

"ምን ልታደርጋት ነው?" አለችው።

"ላነጋግራታ!"

"ዘርጋው፣ እንደ ሌሎቹ እንዳትሠራት። በወንበርና በውኃ እንዳታታልላት። እሷን ካታለልካት ፍልውሃው አያሽረኝም።"

"እሷን ማን ያታልላታል! ሃያ ዓመት ሞክሬ የለም እንዴ" አለና ወጣ።

እውነቱን ነው፤ ሞክሯል። መጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ ብልሃቱን የማታውቅበት መስሎት ወንበር አቅርቦላት ነበር። "ቆሜ ይሻለኛል" አለችው። ውኃ ቢሰጣት "አልጠማኝም" አለች። ስለ ልጆቿ ሊጠይቃት አፉን ከፍቶ፣ ልጇ ትዝ ሲለው ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆኖበት እንጂ ሊያስመሰግናት አይሄድም። ሄዶ ይቀመጣል፤ እሷ ትፈትላለች፤ ስለ ገበያ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ እቴነሽ እግር ያወራሉ። በዕድሜ ስለምትበልጠው "እትዬ" ይላታል። ዘበኞቹ ራሳቸው ሲታመሙ የሚጠይቁት እሷን ነው፤ የማሰቢያው ቁልፍ እንኳ ከጠፋ የት እንደተቀመጠ የምታውቀው ደብሪቱ ናት።

"በወሩ አጋማሽ ምን እግር ጣለህ?" አለችው ሲገባ። "እቴነሽ ባሰባት?"

"ደህና ናት እትዬ። ሐሙስ ካባዬን ያወልቁኛል።"

"እሰይ! አንተም ተፈታህ በለኛ!" ብላ ሳቀች። ጥርሷ ጥቂት ነው የቀረው። "ታዲያ ፊትህ ምነው ለቅሶ ቤት መሰለ?"

ዘርጋው የለመደውን ሊጀምር አሰበ፤ አልሆንለት አለ። እንዳለ ነገራት። ካላመሰገነች እሱም እዚህ እንደሚገባ፣ መንገዱ እንደሚዘጋ፣ እቴነሽ ብቻዋን እንደምትቀር፣ ሁሉን ነገራት። ሲነግራት ደግሞ አለቀሰ። ይህ የሙያው ብልሃት አልነበረም፤ እኔ አምነዋለሁ። ደክሞት ፈርቶ ነው ያለቀሰው።

ደብሪቱ እንዝርቷን አስቀመጠች። "እዚህ ልትገባ? አንተ ሰውዬ፣ እዚህ እኮ ሌሊት ይበርዳል። አንተን ደግሞ ሳል ይወድሃል።"

"ምን ላድርግ እትዬ።"

"እስቲ በለው።"

"ምኑን?"

"የሚባለውን። በእኔ ቦታ ሆነህ በለው። እንዴት እንደሚሰማ ልየው።"

ዘርጋው እንባውን ጠረገ። ብድግ አለ። ከወገቡ ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ስንት ሰው ባስተማረበት በዚያ ለስላሳ ድምፅ፣ "እኔ ደብሪቱ፣ በልጄ መውደቅ ምክንያት ስለተሰጠኝ ፍርድ የፈራጁን ወንበር አመሰግናለሁ" አለ። አንዲት ቃል አልተሰናከለችበትም። ብሎ ሲያበቃ ቀና አለ፤ ደብሪቱ አፏን ይዛ ታየዋለች።

"ጎሽ። ታውቅበታለህ" አለችው በቀስታ።

ዘርጋው አፈረ። ይህን ራሱ ነው የነገረኝ፤ በዕድሜዬ ሙሉ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም ብሎኛል። ካባውን ሰብስቦ ሊወጣ ሲል ጠራችው።

"ዘርጋው! ሐሙስ እመጣለሁ። አመሰግናለሁም።"

"እትዬ?"

"ለእቴነሽ እግር ብዬ ነው፤ ደስ አይበልህ። እንዴት ብለሽ ግን አትበለኝ። ውሸት ከአፌ አይወጣም፤ የማመሰግነውን አላጣም" አለች።

እሱ ግን ደስ አለው። እንዴት አይበለው! ጉልበቷን ስሞ እየሮጠ ወጣ፤ በስተርጅና የሮጠው ያን ቀን ነው። ለእቴነሽ ነገራት፤ እቴነሽ እልል አለች። ሦስቱን ወር ትታሰራለች እንጂ ከዚያ በኋላ ትወጣለች፣ ስትወጣ ፍልውሃ ድረስ ጋሪ እንልክላታለን፣ ከእኛ ጋር ትኖራለች ተባባሉ። ሦስት ወር ከሃያ ዓመት ምን አላት አሉ። ወህኒያችን ማሰቢያ እንዳልሆነ፣ በክረምት ወለሉ ውኃ እንደሚይዝ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ያን ማታ ግን አላነሱትም።

ሐሙስ ዝናቡ ገና በጠዋት ጀመረ። ችሎቱ ሰው ሞልቶታል፤ እኔም ነበርኩ። ከቀዳዳው የሚወርደው ውኃ መሀል ወለል ላይ ይጮሃል። የአሁኑ ፈራጅ ልሳነወርቅ አብረዋቸው ከሚፈርዱት ከሁለቱ ተቀማጮች ጋር ጃንጥላቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ዘርጋው በሰማያዊ ካባው ፊት ለፊት ቆሟል። ደብሪቱን ሁለት ዘበኞች ደግፈው አስገቧት፤ መንገዱ እንዳይጠፋት እጇን ይዘዋታል፤ ከማሰቢያ ወጥታ መንገድ ካየች ቆይታለች። ቀና ብላ ቀዳዳውን አየችው። ብዙ ቆየች። ማንም አላቻኮላትም፤ እኔ ዓይኔን ወደ መሬት ጣልኩ።

"ወይዘሮ ደብሪቱ፣ አስበዋል?" አሉ ፈራጁ።

"አስቤያለሁ።"

"እንግዲህ ይበሉ።"

ደብሪቱ ከዘበኞቹ እጅ ወጣች። ወደ ወንበሩ አልዞረችም፤ ወደ ዘርጋው ዞረች። ያች ጎንበስ ብላ የማታውቅ ሴትዮ ከወገቧ ጎንበስ አለች።

"ዘርጋው፣ አመሰግንሃለሁ። ልጄ ከሞተ ወዲህ እንዴት ዋልሽ ያለኝ አንተ ብቻ ነህ። ዝናብ ሳትል ፀሐይ ሳትል መጥተህ ጠይቀኸኛል። እግዜር ይስጥህ" አለች።

ዘርጋው ደርቆ ቀረ። ሙያው ምስጋና ነው፤ የራሱ የሆነ ምስጋና ግን ተሰጥቶት አያውቅም ነበር። ደስታውን ፊቱ ላይ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ሲሆን አይቼው አላውቅም።

ፈራጆቹ አንዱ ጃንጥላ ስር ተሰብስበው ተንሾካሾኩ። አንደኛው ተቀማጭ "አይቆጠርም፣ ወንበሩን አላመሰገነችም" ይላል። ሌላኛው "ምስጋና ተሰምቷል፤ የተሰማ ምስጋና አይመለስም" ይላል። በመጨረሻ ፈራጅ ልሳነወርቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሕጉ 'የተፈረደበት የፈረደበትን ያመስግን' ይላል" አሉ። "ሴትዮዋ የተፈረደባት ናት። አመስግናለች። ስለዚህ ያመሰገነችው የፈረደባት ነው። ፈራጇ አቶ ዘርጋው መሆናቸው ታውቋል። አቶ ዘርጋው፣ ወደ ወንበሩ ይውጡና ፍርድዎን ይስጡ።"

ሰው አጉረመረመ፤ ግን ሕጉ ላይ ስህተት ያገኘ የለም። ዘርጋውን አወጡት። ፈራጁ ተነሥተው ወንበሩን ለቀቁለት፣ ጃንጥላቸውንም ሰጡት። ዕድሜውን ሙሉ ከታች ሆኖ ያየው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ደብሪቱ ከታች ሆና ታየዋለች፤ ነገሩ ያልገባት መሆኑ ያስታውቃል፤ ጥቂት ጥርሷን አሳይታ ፈገግ አለችለት። ሰው የሚወደው ዘመዱ ሲሾም እንደሚያደርገው ማለት ነው።

ዘርጋው ወደ ማንያህልሃል ጎንበስ አለ። "ነፃ ማለት ይቻላል?" አለው።

"ከዚህ ወንበር ላይ ሰምቼው አላውቅም" አለ ሹሙ። "የሚከለክል ግን የለም።"

"ሦስት ወሩን ብቀንሰውስ?"

"የወደዱትን ያድርጉ። ፈራጅ እርስዎ ነዎት። የዱሮውን ፍርድ እንዳለ ካጸኑት፣ ምስጋናዋ ቀድሞ ስለተሰማ ጉዳዩ አሁን ይዘጋል። ከቀየሩት አዲስ ፍርድ ነው፤ አዲስ ፍርድ አዲስ ችሎት ይፈልጋል። ችሎቱ ደግሞ ዛሬ ለክረምት መዘጋቱ ነው። እስከ ክረምቱ ማብቂያ ሁለታችሁም ታስባላችሁ።"

እንግዲህ ይታያችሁ። አንድ ክረምት ነው። ከደብሪቱ ጋር አንድ ክረምት ማሰቢያ ቁጭ ብሎ ወጥቶ ነፃ ሊላት ይችላል። ግን መንገዱ ይዘጋል፤ የእቴነሽ እግር አንድ ክረምት ይጨምራል፤ እሱም ማሰቢያን ከውጭ እንጂ ከውስጥ አያውቀውም። "ነፃ" የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ነበረች ብሎኛል። ምላሱ ላይ እንዳለች ቀዝቃዛ ውኃ ከቀዳዳው ወርዶ አንገቱን ነካው። ሳሉ መጣበት። ሳለ፤ ሲያበቃ የመጣለት ድምፅ ያ የለመደው ለስላሳ ድምፅ ነው።

"ሦስት ወር" አለ።

"ጉዳዩ ተዘጋ!" አለ ማንያህልሃል። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሳይፈረድባት ያመሰገነች ሰው ባገራችን ታሪክ ስትገኝ የመጀመሪያዋ ናት፤ ይህን ያደረገ አስመስጋኝም የመጀመሪያው ነው ተባለ። ፈራጅ ልሳነወርቅ ራሳቸው ካባውን አወለቁለት፣ አቅፈው ሳሙት።

ደብሪቱ ለጭብጨባው ዘወር ዘወር አለች። "ምን አለ?" ብላ ዘበኛውን ጠየቀችው። ዘበኛው በጆሮዋ ነገራት። ለጥቂት ጊዜ ዘርጋውን አየችው። አልተሳደበችም፤ ብትሳደብ ምን ነበረበት! ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ "በል እንግዲህ፣ እቴነሽን ሰላም በልልኝ" ብላው ከዘበኞቹ ጋር ወጣች። ወህኒ ከችሎቱ በስተጀርባ ነው፤ በዝናቡ ውስጥ ወሰዷት።

ጋሪው በር ላይ ይጠብቅ ነበር። እቴነሽ ዕቃው መሀል ተመቻችታ ተቀምጣለች። ዘርጋው ወጥቶ ከጎኗ ተቀመጠ፣ ባለጋሪውም ነዳ። ከተማውን ወጥተው ቁልቁለቱ አፋፍ እስኪደርሱ እቴነሽ አልጠየቀችም፤ ፊቱን አይታ ነው መሰለኝ። በኋላ ግን አልቻለችም።

"ደብሪቱስ? አመሰገነች?"

"አመሰገነች።"

"እሰይ! እንዴት ሆነላት? ማንን ብላ አመሰገነች?"

ዘርጋው ነገራት። በዚህስ አልቅጠፍበት፤ አልዋሻትም፣ አላለሳለሰላትም። መመስገኑን፣ ወንበሩ ላይ መውጣቱን፣ የተባለውንና ያለውን ሁሉ ነገራት።

"አንተ ነህ የፈረድክባት?" አለች እቴነሽ።

"ሦስት ወር ነው እኮ። ለአንቺ እግር ብዬ…"

"በእግሬ እንዳታሳብብ!" ብላ ጮኸች። በትዳራቸው ሙሉ ጮኻበት አታውቅም። "እሷ ለእኔ እግር ብላ አመሰገነች፣ አንተ ለእኔ እግር ብለህ ወህኒ ከተትካት። እኔ ምን አደረግኋችሁ? አንተ ሰው፣ ጋሪውን አቁምልኝ!"

ባለጋሪው አቆመ። ዘርጋው ክንዷን ሊይዝ ቢሞክር አስለቀቀችው። ያበጠ እግሯን አንድ በአንድ አውርዳ ጭቃው ላይ ቆመች። ከዕቃው መሀል ቆሎ የተቋጠረበትን ስልቻ ስባ አወጣች፣ ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለችው፤ ወደመጡበት ዞራ ዳገቱን ጀመረች። አንድ እርምጃ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ትተነፍሳለች፣ ደግሞ አንድ ትሄዳለች።

"እቴነሽ! ዝናብ ነው! እቴነሽ!" አለ ዘርጋው ከጋሪው ላይ ሆኖ። አልዞረችም።

"ጌታዬ፣ ልመልስ ወይስ ልንዳ?" አለ ባለጋሪው። "መንገዱ ነገ ይዘጋል።"

ዘርጋው ብዙ አሰበ። ባለጋሪው ነው የነገረኝ፤ በቅሎዎቹ እስኪንቀጠቀጡ ድረስ አስቆመኝ ብሏል። በመጨረሻም "ንዳ" አለው።

እቴነሽ በመሸ ሰዓት ወህኒ በር ደረሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ለደብሪቱ ስንቅ አመላለሰች፤ ያን ክረምት ሁለቱ ሴቶች በበሩ ቀዳዳ በኩል ተዋወቁ። ደብሪቱ ሦስተኛውን ወር አላገባደደችም፤ ወለሉ ላይ የተኛው ውኃ ደረቷ ገባ። እኔና እቴነሽ ጥቂት ሰው አስተባብረን ቀበርናት። የችሎቱ መስታወት ግን አምሮበት ተሠርቷል፤ አሁን ፈራጆቻችን ሳይረጥቡ ይፈርዳሉ።

መንገዱ ሲከፈት ዘርጋው ለእቴነሽ ጋሪ ላከ። ጋሪው ባዶውን ተመለሰ። ደግሞ ላከ፤ እንደዚያው። ባለፈው ዓመት ለገበያ ቆላ ወርጄ አየሁት። ቤቱ ጥሩ ነው፣ ፍልውሃውም ከደጁ ላይ ይፈልቃል። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጠዋት ጠዋት እንዲህ እግሩን ውኃው ውስጥ ይነክራል አሉኝ ጎረቤቶቹ፤ ቆዳው እስኪላላ ድረስ ይቆያል። እግሩን ግን አንድ ቀን እንኳ አሞት አያውቅም።